በሁለት ሕዝብ መካከል የቆመ ሰው፤ የዊልያም ጆንሰን ታሪክ

ባለፈው መንፈቅ ዓመት የታሪክ መምህራችን ስለ ሰሜን አሜሪካ ቅኝ ግዛቶች ካስተማሩን በኋላ በክፍላችን ክርክር ተደርጎ ነበር። የተሰጠን ርእስ፥ «ዊልያም ጆንሰን ለኢሮኮይ ሕዝቦች ወዳጅ ነበርን፥ ወይስ በወዳጅነት ስም መሬታቸውን ያስለቀቀ ነጋዴ?» የሚል ነው። እኔ የወዳጅነቱን ወገን ይዤ ተከራከርሁ። ብዙ ተዘጋጅቼበት ስለነበር ጭብጨባውም ፍርዱም ለእኔ ሆነ። ነገር ግን ልንበተን ስንል በኋላ ወንበር የምትቀመጥ አንዲት ጓደኛችን ተነሥታ፥ «ወዳጃቸው ከነበረ በመጨረሻ መሬቱ በማን እጅ ቀረ?» ስትል ጠየቀችኝ። በዚያው ቅጽበት ደወል ተደወለና ሳልመልስላት ወጣሁ። እውነቱን ለመናገር ያዳነኝ ደወሉ ነው፤ መልሱን አላውቀውም ነበር።

ከዚያ ወዲህ ጥያቄዋ ዕረፍት ስለነሣኝ ነገሩን እንደ ገና ከመጀመሪያው አነበብሁት። ያገኘሁትንም እነሆ ለክፍል ጓደኞቼ፥ ለመምህራኖቼና ለወላጆች አቀርባለሁ። ዓመታቱ ሁሉ የተጻፉት በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ እንዲያውቅልኝ እለምናለሁ።

ዊልያም ጆንሰን በ1715 ገደማ በአየርላንድ፥ ሚዝ በሚባለው አውራጃ ተወለደ። ቤተ ሰቡ የጥንት አየርላንዳውያን ዘርና ካቶሊኮች ነበሩ። በዚያ ዘመን አየርላንድን የምትገዛው እንግሊዝ በካቶሊኮች ላይ ከባድ ሕግ አውጥታ ነበር፤ ካቶሊክ የሆነ ሰው መሬት መግዛት፥ በመንግሥት ሥራ መሾም፥ ትምህርት ቤት መክፈት አይችልም ነበር። በ1703 ከአየርላንድ መሬት በካቶሊኮች እጅ የቀረው ከመቶ 14 እጅ ያህል ብቻ ነበር። እንግዲህ ጆንሰን ያደገው አገሩ በሌላ ሰው እጅ ሲገባ ባየ ሕዝብ መካከል ነው። ወጣቱ ግን በዚያ ሕግ ሥር ታስሮ መቅረት አልፈለገም። አስቀድሞ አጎቱ ፒተር ዋረን እንዳደረገው ሁሉ እርሱም የአባቶቹን ሃይማኖት ትቶ ወደ ፕሮቴስታንትነት ገባ። የእኛ አገር ሰው «ሁለት ባላ ትከል፥ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» ይላል፤ ጆንሰን ይህን ጥበብ የተማረው ገና ባሕር ሳይሻገር ነው።

አጎቱ የእንግሊዝ የባሕር ኃይል መኮንን ሲሆን በኒው ዮርክ ቅኝ ግዛት፥ በሞሆክ ወንዝ ደቡብ ሰፊ መሬት ገዝቶ ነበር። ጆንሰንም በ1738 ይህን መሬት ሊያስተዳድር ወደ አሜሪካ ተሻገረ። ሥራው ጫካውን መመንጠርና ጭሰኞችን ማስፈር ነበር። ነገር ግን ብዙም ሳይቆይ የንግዱ መንገድ ያለው ከወንዙ በስተሰሜን መሆኑን ተመለከተ። ከኦልበኒ ከተማ ተነሥቶ በኦንታሪዮ ሐይቅ ዳር እስካለው እስከ ኦስዊጎ የንግድ ጣቢያ የሚወስደው መንገድ በዚያ በኩል ያልፋል። ስለዚህ በ1739 በራሱ ስም በሰሜኑ ዳር መሬት ገዝቶ መደብር ከፈተ። የዚያን ጊዜ ዋነኛው ሸቀጥ የቢቨር ቆዳ ነበር። ቢቨር በውሃ ዳር የሚኖር እንስሳ ሲሆን ለስላሳ ጠጕሩ በአውሮፓ የባርኔጣ መሥሪያ ነበር። ቆዳውን አድነው የሚያመጡት የአገሩ ነባር ሕዝቦች ሲሆኑ በልዋጩ ጨርቅ፥ ብረት ድስት፥ መጥረቢያ፥ ጠመንጃና ባሩድ ይወስዱ ነበር። የኦልበኒ ነጋዴዎች በማታለል ስማቸው ጠፍቶ ሳለ ጆንሰን በሚዛኑ ታማኝ ሆኖ በመገኘቱ ገበያው ወደ እርሱ ዞረ።

አሁን ስለ ኢሮኮዮች ጥቂት ልግለጽ። ይህ ስም ሌሎች ያወጡላቸው ሲሆን እነርሱ ራሳቸውን የሚጠሩት ሆዴኖሾኒ ብለው ነው፤ ትርጓሜውም የረዥሙ ቤት ሰዎች ማለት ነው። ቤታቸው በእንጨት ማገር ቆሞ በዛፍ ልጥ የተሸፈነ ረዥም ቤት ነው፤ በአንድ ጣራ ሥር ብዙ ቤተ ሰቦች እያንዳንዳቸው በየምድጃቸው ይኖሩበታል። አንድነታቸውንም በዚህ ቤት ይመስሉታል። ሞሆክ የምሥራቁን በር፥ ሴኔካ የምዕራቡን በር ይጠብቃሉ፤ በመካከል ኦኖንዳጋ የሸንጎውን እሳት ያነድዳል፤ ኦናይዳና ካዩጋም በየቦታቸው ይቀመጣሉ። ተስካሮራ በ1722 ገደማ ሲጨመር ስድስቱ ነገዶች ተባሉ። ዘር የሚቈጠረው በእናት በኩል ነው፤ አለቆቹን የሚመርጡት፥ ሲያጠፉም የሚሽሩት የጎሣ እናቶች ናቸው። አገራቸው በእንግሊዝ ቅኝ ግዛቶችና በፈረንሣዮች ካናዳ መካከል ስለነበር ሁለቱም መንግሥታት ወዳጅነታቸውን አጥብቀው ይፈልጉ ነበር።

ጆንሰን ወደ እነዚህ ሰዎች የገባበት በር ቋንቋቸው ነው። የሞሆክን ቋንቋ ተማረ፤ በሸንጎአቸው ተቀመጠ፤ በበዓላቸው ልብሳቸውን ለብሶ ጨፈረ። እነርሱም በነገዳቸው ተቀብለው ዋራሂያጌ የሚል ስም አወጡለት፤ ታላቅ ሥራ የሚሠራ ሰው እንደ ማለት ነው። ከሁሉ ይልቅ እኔን ያስገረመኝ ግን የለቅሶ ሥርዓታቸውን መማሩ ነው። በኢሮኮዮች ዘንድ ሁለት ወገኖች ሲገናኙ በቀጥታ ወደ ጉዳይ አይገቡም፤ አስቀድመው ከመጨረሻው ስብሰባ ወዲህ ለሞቱት ሰዎች ለቅሶ ይደራረሳሉ። ተናጋሪው እንባ ያሳወረውን ዐይን ይጠርጋል፤ ሐዘን የደፈነውን ጆሮ ይከፍታል፤ ሲቃ የያዘውን ጉሮሮ ያጠራል፤ ይህ ሁሉ በቃል የሚፈጸም ነው። በእያንዳንዱም ቃል ዋምፐም የሚባል፥ ከባሕር ዛጎል በተሠራ ነጭና ሐምራዊ ዶቃ የተጠለፈ መቀነት ይሰጣል። ያለ መቀነት የተነገረ ቃል ነፋስ እንደ ወሰደው ይቈጠራል። ከእንግሊዞች ጋር የነበራቸውንም ውል የቃል ኪዳን ሰንሰለት ይሉት ነበር፤ ሰንሰለቱ የብር ነውና እንዳይደበዝዝ በየጊዜው በስብሰባና በስጦታ ሊወለወል ይገባዋል። ብዙዎቹ የእንግሊዝ ሹማምንት ይህን ጊዜ ማባከን አድርገው ሲያዩት ጆንሰን ግን ለቅሶ ያልደረሰ ሰው ጉዳዩን ሊያዋይ እንደማይገባው ተረዳ። ይህን ለመረዳት እኛ ብዙ ማስረጃ አያሻንም።

ቤቱም እንደ ኑሮው በሁለት ዓለም መካከል ነበረ። በመጀመሪያ ካትሪን ቫይዘንበርግ ከምትባል ጀርመናዊት ስደተኛ ሦስት ልጆች ወለደ። በኋላም ሞሊ ብራንት ከምትባል የሞሆክ ሴት ጋር እስከ ዕለተ ሞቱ ኖረ፤ ስምንት ልጆችም አፈሩ። ሞሊ በሕዝቧ ዘንድ ቃሏ የሚሰማ ሴት ስለነበረች ጆንሰን በሸንጎ ያገኘው መደመጥ ከፊሉ የእርስዋ ሥራ ነው። ታናሽ ወንድሟን ጆሴፍ ብራንትን ጆንሰን በ1761 ወደ ኮነቲከት ትምህርት ቤት ልኮት እንግሊዝኛ ማንበብና መጻፍ ተምሯል። ሆኖም ጆንሰን በኑዛዜው ሞሊን ሚስቴ አላላትም፤ የቤቴ ጠባቂ ሲል ጻፈ። መሬትና ገንዘብ ቢተውላትም ማዕረጉንና ዋናውን ርስት የወረሰው ከካትሪን የተወለደው ዮሐንስ፥ በእንግሊዝኛው አጠራር ጆን ነው።

ጆንሰን ወደ ሥልጣን የወጣው በጦርነት ጊዜ ነው። በ1746 የኒው ዮርክ አገረ ገዥ ከስድስቱ ነገዶች ጋር የሚደረገውን ጉዳይ ከኦልበኒ ሰዎች እጅ አውጥቶ ለእርሱ ሰጠው፤ እርሱ ግን ከኪሱ ያወጣውን ወጪ ምክር ቤቱ ስላልከፈለው በ1751 ሥራውን ለቀቀ። በ1753 ሔንድሪክ የሚባለው የሞሆኮች አለቃ ወደ ኒው ዮርክ ከተማ ወርዶ፥ መሬታችን በተንኰል እየተወሰደ ነውና የቃል ኪዳኑ ሰንሰለት ተበጥሷል ሲል ለአገረ ገዥው ተናገረ። ለንደን ደነገጠች፤ በማግሥቱ ዓመት በ1754 የሰባት ቅኝ ግዛቶች መልእክተኞች ከኢሮኮዮች ጋር ለመታረቅ በኦልበኒ ተሰበሰቡ። በ1755 ጆንሰን የጦር አለቃና የነባር ሕዝቦች ጉዳይ የበላይ ተቆጣጣሪ ሆኖ ተሾመ።

በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር 8 ቀን በጆርጅ ሐይቅ ዳር ከፈረንሣዮች ጋር በተደረገው ውጊያ ወዳጁ ሔንድሪክ ሞተ፤ ጆንሰንም ጭኑ ላይ ቆሰለ። ጥይቱ ሳይወጣ እስከ ሞቱ አብሮት ኖረ። የፈረንሣዮቹ የጦር አለቃ ዲስካው ቆስሎ ሲማረክ፥ ሞሆኮች ስለ ሙታኖቻቸው ሊበቀሉት ፈልገው ነበር፤ ጆንሰን ግን በራሱ ድንኳን አስቀምጦ አዳነው። በሁለት ወገን መካከል መቆም ማለት እንዲህ ያለው ነው፤ የወዳጁን ሐዘን እያወቀ የጠላቱን ነፍስ መጠበቅ ነበረበት። ንጉሡም ባሮኔት የሚባለውን ማዕረግ ሰጥተውት ሰር ዊልያም ተባለ፤ የእንግሊዝ ፓርላማም 5,000 ፓውንድ ሸለመው። በ1759 የናያግራን ምሽግ ሲያስለቅቅ ስሙ ይበልጥ ገነነ።

ፈረንሣዮች ከተሸነፉ በኋላ ግን የእንግሊዝ ጦር አዛዥ አምኸርስት፥ ከእንግዲህ የነባሮቹ ወዳጅነት አያስፈልገንም በማለት ስጦታውንና ባሩዱን ቀነሰ። ጆንሰን ይህ ጦርነት ያመጣል ብሎ አስጠነቀቀ፤ አልሰሙትም። በ1763 በፖንቲያክ ስም የሚጠራው ጦርነት ተነሣና ብዙ የእንግሊዝ ምሽጎች ወደቁ። በዚያው ዓመት ኦክቶበር 7 ቀን ንጉሥ ጆርጅ 3ኛ ሰፋሪዎች ከአፓላቺያን ተራሮች ወደ ምዕራብ አልፈው መሬት እንዳይዙ ከለከሉ። ጆንሰንም በ1764 በናያግራ ታላቅ ጉባኤ አድርጎ የብዙ ነገድ ሰዎችን አስታረቀ፤ በ1766 ከፖንቲያክ ከራሱ ጋር በኦስዊጎ ዕርቅ አወረደ። እኔም በክርክሩ ቀን ጭብጨባ ያገኘሁት እስከዚህ ድረስ ያለውን በመናገሬ ነው። የተውሁት ቀጥሎ ያለውን ነው።

ጆንሰን የሚያስታርቀው በመሬት የተጣሉትን ሲሆን እርሱ ራሱ መሬት ሰብሳቢ ነበር። ከፊሉን ገዛ፤ ከፊሉን ሞሆኮች በስጦታ ሰጡት። ሲሞት ርስቱ ከ100,000 ኤክር ይበልጥ ነበር፤ አንዱን ጋሻ 40 ሔክታር አድርገን ብንቈጥር ከ1,000 ጋሻ በላይ ማለት ነው። በ1763 ጆንሰን ሆል የተባለውን ትልቅ ቤት ሠርቶ በአጠገቡ ጆንስታውን የተባለችውን ከተማ ቆረቆረ። ከአየርላንድና ከጀርመን አገር የመጡ ጭሰኞችን አሰፈረ፤ በ1773ም ከስኮትላንድ ተራሮች የፈለሱ ካቶሊኮችን ተቀበለ፤ በልጅነቱ የተወውን ሃይማኖት በሰዎቹ አልጠላም። ነገር ግን በእርሻው የሚሠሩ ከአፍሪካ ዘር የሆኑ ባሮችም ነበሩት። በአገሩ ርስት የተከለከለ ሕዝብ ልጅ፥ በባሕር ማዶ የርስት ጌታና የሰው ባለቤት ሆነ። ይህን ሳልናገር ባልፍ ታሪኩን ማጉደል ይሆንብኛል።

ነገሩ ሁሉ የተገለጠው በ1768 በስታንዊክስ ምሽግ፥ ዛሬ ሮም በምትባለው የኒው ዮርክ ከተማ በተደረገው ስብሰባ ነው። በሰፋሪዎችና በነባሮች መካከል አዲስ ወሰን እንዲከለል ከለንደን ትእዛዝ መጥቶ ነበር። ከ3,000 በላይ ሰዎች ተሰበሰቡ፤ ስጦታው በብዙ ጀልባ ተጭኖ መጣ። ኖቬምበር 5 ቀን ስድስቱ ነገዶች በ10,460 ፓውንድ ገደማ ከኦሃዮ ወንዝ በስተደቡብ ያለውን እጅግ ሰፊ አገር ለንጉሡ ለቀቁ። ለጆንሰን የታዘዘው ወሰኑን በካናዋ ወንዝ እንዲያቆም ነበር፤ እርሱ ግን እስከ ቴኔሲ ወንዝ ድረስ ተቀበለ። በለንደን ሹማምንቱ ቢቈጡም በመጨረሻ ውሉ ጸና።

ኢሮኮዮቹ ለምን እሺ አሉ? አሳባቸው ግልጽ ነው፤ የሰፋሪው ጎርፍ ወደ ደቡብ ከዞረ ከገዛ አገራቸው ይርቃል ብለው ነው። ነገር ግን በዚያ በተለቀቀው አገር የሚያድኑት ሻውኒ የሚባሉት ሕዝቦች ነበሩ። ገንዘቡ ለእነርሱ አልተከፈለም፤ ውሉንም አልፈረሙም። ከውሉ ጋር የጆንሰን ወዳጅ የሆኑ ነጋዴዎችም የመሬት ድርሻ አገኙ። በአገራችን «በሁለት ቢላዋ መብላት» የሚባለው ይህ ነው። ጆንሰን የሰው ቋንቋ አዋቂ፥ ለቅሶ ደራሽ፥ ዕርቅ አውራጅ መሆኑ እውነት ነው፤ ይህ ውል ሊፈጸም የቻለውም በዚያው እምነት ነው። ሞሆኮች ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ ባላመኑት ነበር።

ከዚያ በኋላ ሰፋሪዎች ወደ ኦሃዮ ጎረፉ፤ ደም ፈሰሰ። በ1774 በጋ የስድስቱ ነገዶች አለቆች ስለዚሁ ደም ሊነጋገሩ ወደ ጆንሰን ሆል መጡ። ጆንሰን ታሞ ነበር። ጁላይ 11 ቀን በጠራራ ፀሐይ ረዥም ንግግር አድርጎ ወደ ቤት ገባ፤ በዚያኑ ዕለት አረፈ። የመጣው እንግዳ ሁሉ ለቃሉ መልስ ሳይሰጥ ወደ ለቅሶ ተመለሰ። በዚያው ዓመት መኸር ሻውኒዎችና የቨርጂኒያ ሰፋሪዎች ተዋጉ።

በማግሥቱ ዓመት የአሜሪካ አብዮት ሲጀመር የረዥሙ ቤት አንድነት ተከፈለ፤ ሞሆክና ሴኔካ ከእንግሊዝ ጋር፥ ከኦናይዳ የሚበዙት ከአሜሪካኖች ጋር ቆሙ። በ1779 ጄኔራል ዋሽንግተን የላኩት ጦር 40 ያህል የኢሮኮይ መንደሮችን ከነበቆሎአቸው አቃጠለ። በ1783 እንግሊዝ ሰላም ስትዋዋል ስለ ነባር ሕዝቦች አንዲት ቃል በውሉ አላስገባችም። ሞሊና ጆሴፍ ብራንት ከብዙ ሞሆኮች ጋር ወደ ካናዳ ተሰደዱ፤ የጆንሰን ልጅ ጆንም እንዲሁ፤ ርስቱ ተወረሰ። ስድስቱ ነገዶች ዛሬም አሉ፤ በኒው ዮርክና በካናዳ ኦንታሪዮ በሚገኙ ይዞታዎች ሸንጎአቸውን ይዘው ይኖራሉ። የጆንሰን ቤትም ለጎብኚዎች ክፍት ሆኖ ቆሟል።

እንግዲህ ለጓደኛችን ጥያቄ ዘግይቶም ቢሆን መልሴ ይህ ነው። መሬቱ በኢሮኮዮችም በጆንሰን ልጆችም እጅ አልቀረም፤ ወደ ምዕራብ በሚገፋው ሰፋሪ እጅ ገባ። ጆንሰን ወዳጅ ነበርን? አዎን፥ ወዳጅ ነበር፤ አልቃሻ መስሎ የመጣ አታላይ ቢሆን ኖሮ 36 ዓመት ሙሉ ባልሸሸገ ነበር። ነገር ግን ወዳጅነቱ ሚዛኑን አላቀናውም። አስታራቂ ከሚያስታርቅበት ነገር ድርሻ ያለው እንደ ሆነ፥ ልቡ ቅን ቢሆንም እጁ ያዘነብላል፤ የሚያዘነብለውም ከሸንጎው ውጭ ባሉት ላይ ነው።

ይህን ስጽፍ አንድ ነገር ትዝ አለኝና ሳልናገር ብቀር ኅሊናዬ ይወቅሰኛል። እኔ የክፍል አለቃ ነኝ። ባለፈው ዓመት የቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ በተራ ስናድል ሁለት ልጆች በሕመም ቀርተው ነበር። የእነርሱን ተራ ለተገኙት አከፋፈልሁ፤ ከተገኙትም አንዱ እኔ ነበርሁ። ሁሉም በአንድ ድምፅ ተስማሙ፤ ያልተስማሙት ሁለቱ በዚያ አልነበሩምና። ነገሩ ትንሽ ነው፤ መጽሐፍ እንጂ አገር አይደለም። ከታሪኩ የተማርሁት ግን ይህንኑ ነው። ዘንድሮ መጽሐፍ ስናድል በመጀመሪያ የቀሩትን ስም እጠራለሁ፤ የእኔን ተራም መጨረሻ አደርገዋለሁ።